ያለ ሽቦ የሚላክ ትእዛዝ ባለቤቱን እንዴት ያውቃል?
ስለ ኢንኮደር ቺፕ፥ ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተጻፈ ትምህርት

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ትምህርት ቁመቱ ከአንዲት የጣት አንጓ ስለማይበልጥ፥ ሥራው ግን ብዙ ስለ ኾነ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። ስሙ በውጭ አገር ቋንቋ ኢንኮደር ቺፕ ይባላል፤ ወደ ቋንቋችን ቢመለስ «ምልክት ጸሓፊ» ሊባል ይችላል። በእጅ ተይዘው ከሩቅ በሚያዝዙ መሣሪያዎች፥ ይኸውም በተለምዶ ሪሞት በምንላቸው ዕቃዎች ውስጥ ተቀምጦ ይሠራል።

የአሠራሩን ነገር ከመግለጣችን በፊት፥ ይህን ትምህርት ለመጻፍ ያነሣሣንን ምክንያት እናስቀድማለን፤ አለማወቅ ንጹሑን ሰው እንደሚያስቀጣ ከዚህ ታሪክ ይታያልና።

፩. የደወሉ ነገር

ከጎንደር ወደ ሳንጃ በሚወስደው መንገድ ላይ ትክል ድንጋይ የምትባል ከተማ አለች። ከዚህች ከተማ በማይርቅ በአንድ ትምህርት ቤት በጸሓፊነት ሳገለግል፥ ለትምህርት ቤቱ ያለ ሽቦ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ደወል ተገዛ። ቀድሞ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት የሚታወቀው ከዛፍ ላይ የተሰቀለ ብረት በመምታት ነበር። አዲሱ ደወል በግቢው መካከል ካለው ምሰሶ ላይ ተሰቀለ፤ የሚጫኑት መጥሪያ ግን በዘበኛው ቤት ግድግዳ ላይ ተደረገ። ዘበኛውም ዕድሜያቸው የገፋ፥ በሰዓት ጠባቂነታቸው የተመሰገኑ ሽማግሌ ነበሩ።

በዚያው ወራት ከመንገዱ ማዶ ያለ አንድ ባለወፍጮ፥ እኽል ሊያስፈጩ የመጡትን ሰዎች በየተራቸው ለመጥራት ያንኑ ዐይነት ደወል ከዚያው ነጋዴ ገዝቶ ነበር። እኛ ይህን አላወቅንም፤ እርሱም የእኛን አላወቀም።

ከዚህ በኋላ ደወላችን ያለ ጊዜው ይጮኽ ጀመር። ትምህርቱ ሳያልቅ ይደወላል፤ ልጆቹም እየተንጋጉ ይወጣሉ። ይልቁንም በፈተና ቀን ሰዓቱ ሳይደርስ ተደውሎ፥ ብዙ ልጆች ያልጨረሱትን ወረቀት አስረከቡ። መጥሪያው በዘበኛው ቤት ነውና ጥፋቱ በእርሳቸው ላይ ተደረገ፤ «ቶሎ ወደ ቤታቸው ለመኼድ ሲሉ የሚደውሉት እርሳቸው ናቸው» ተባለ። እርሳቸው «እጄን አላነሣሁም» ብለው ቢምሉም የሚያምናቸው አልተገኘም። ከፊሉ ሰውም ነገሩን ለክፉ መንፈስ ሰጠው። የደመወዝ ቅጣትና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተወሰነባቸው፤ ያንንም ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

በወፍጮ ቤቱም እንዲሁ ኾነ። እኛ ለዕረፍት በደወልን ቍጥር የባለወፍጮው ደወል ይጮኻል፤ ተራ ያልደረሳቸውም ሰዎች እየተነሡ ይጋፋሉ። ባለወፍጮውም ረዳቱን ልጅ «አንተ ነህ የምትቀልድ» ብሎ ይቈጣው ነበር። የወፍጮው ጩኸት ብርቱ ስለ ኾነ፥ የአንዱ ደወል ከሌላው ጋር እኩል እንደሚጮኽ ከኹለቱም ወገን ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

የዚህ ምሥጢር እንዴት እንደ ተገለጠ ወደ ፊት እንናገራለን፤ አስቀድመን ግን ትምህርቱን እንማር።

፪. ሞገድ ባለቤቱን አያውቅም

ድንጋይ በኵሬ ውስጥ ቢጣል፥ ውሃው ክብ እየሠራ ወደ ዳር ኹሉ ይኼዳል እንጂ ወደ አንድ ወገን ብቻ አይኼድም። የሬዲዮ ሞገድም እንደዚሁ ነው፤ ከማስተላለፊያው ሲወጣ ወደ ዙሪያው ኹሉ ይሰራጫል፤ ግድግዳውን አልፎ ወደ ጎረቤትም ይገባል። ነጋሪት በተጐሰመ ጊዜ ድምፁ ወደ ባለጉዳዩም ባለጉዳይ ወዳልኾነውም ጆሮ እንደሚገባ፥ ሞገድም በአካባቢው ወዳለው መቀበያ ኹሉ ይገባል።

ሞገድን በእጅ ሥራ ለማዘዝ የተጠቀመበት ስመ ጥር ሰው ኒኮላ ቴስላ ነው። እርሱም በአውሮጳ አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ፥ በውሃ ላይ ያለች ትንሽ መርከብ ያለ ሽቦ በሬዲዮ ሞገድ እየታዘዘች ስትኼድና ስትዞር ለሰው አሳየ። በዚያም ዓመት ለሥራው የፈጠራ መብት ተሰጠው። በዚያን ጊዜ በአቅራቢያው ሌላ እንዲህ ያለች መርከብ አልነበረችምና፥ «ይህ ትእዛዝ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ አላስቸገረም። ዛሬ ግን የመኪናው ቍልፍ፥ የበሩ መክፈቻ፥ ደወሉ፥ የልጆች መጫወቻው ሳይቀር በሞገድ ይታዘዛል፤ ብዙዎቹም በአንድ ዐይነት ሞገድ ይሠራሉ። በብዙ ርካሽ ዕቃዎች የሚሠራበት ሞገድ በአንድ ሴኮንድ 433,920,000 ጊዜ የሚወዛወዝ ነው፤ ይህም 433.92 ሜጋኸርዝ ይባላል። ከአንዱ የሞገድ ጫፍ እስከሚቀጥለው ያለው ርቀት 69 ሳንቲ ሜትር ያኽላል፤ ስለዚህ የዚህ አንቴና በብዙው የርቀቱ እሩብ፥ ይኸውም 17 ሳንቲ ሜትር ያኽል ኾኖ፥ ከአንድ ስንዝር ጥቂት የሚያንስ ሽቦ ይበቃዋል።

እንግዲህ ሞገዱ አንድ ከኾነ፥ ትእዛዙ ኹለት ነገር ይዞ መኼድ አለበት። መጀመሪያው «ለማን» የሚል ስም ነው፤ ኹለተኛው «ምን አድርግ» የሚል ቃል ነው። ደብዳቤ በላዩ የተቀባዩ ስም፥ በውስጡ ጉዳዩ እንደሚጻፍበት ማለት ነው። ይህን ስምና ይህን ቃል በሞገድ ላይ የሚጽፈው ዕቃ ኢንኮደር ነው።

፫. በኹለት ምልክት ብዙ ስም ማውጣት

ቺፑ ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ኹለት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የኤሌክትሪክ ኀይል መኖርና አለመኖር። መኖሩን 1፥ አለመኖሩን 0 ብለን እንጽፋለን። በእነዚህ በኹለቱ ብቻ ብዙ ስም ማውጣት እንደሚቻል በዚህ ይታወቃል።

አንድ ቦታ ብቻ ቢኖር 0 ወይም 1 ስለሚጻፍበት ኹለት ስም ይገኛል። ኹለት ቦታ ቢኖር 00፥ 01፥ 10፥ 11 ተብሎ አራት ይኾናል። አንድ ቦታ በተጨመረ ቍጥር ስሙ እጥፍ ይኾናል። ስለዚህ በሦስት ቦታ 8፥ በአራት 16፥ በአምስት 32፥ በስድስት 64፥ በሰባት 128፥ በስምንት ቦታ 256 ስሞች ይወጣሉ።

የዚህን ብዛት በምናውቀው ነገር እንመዝነው። የፊደላችን ዘር 33 ነው፤ እያንዳንዱም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ 7 መልክ ስላለው በጠቅላላው 231 ይኾናል። ስለዚህ ስምንት ቦታ ያለው ቺፕ ከ«ሀ» እስከ «ፖ» ላሉት ፊደሎቻችን ለየራሳቸው ስም ሰጥቶ፥ ገና 25 ስም ይተርፈዋል ማለት ነው።

ነገርን በጥቂት ምልክት መጻፍ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ ከኖረ በኋላ፥ በአውሮጳ አቈጣጠር ከ1540 እስከ 1559 ዓ.ም. በነገሡት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት እንዳበጁለት በሊቃውንቱ ዘንድ ይነገራል። ድፋት፥ ቅናት፥ ይዘት፥ ጭረት፥ ሂደት፥ ርክርክ፥ ደረትና ቁርጥ የሚባሉት ምልክቶች ከፊደሉ በላይና በታች ተጽፈው፥ ድምፁ እንዴት እንደሚነሣና እንደሚወድቅ ያመለክታሉ። ዜማውን በምልክት የጻፈው ሰው የኢንኮደርን ሥራ ሠራ፤ ምልክቱን አይቶ ዜማውን የሚያወጣው ደቀ መዝሙር ደግሞ የዲኮደርን ሥራ ይሠራል። ኹለቱም አንድ ዐይነት ትምህርት ካልተማሩ ግን ምልክቱ ከንቱ ጭረት ይኾናል። በቺፕም ነገሩ እንዲሁ ነው።

፬. የቺፑ እግሮችና ሥራቸው

ምሳሌ የምናደርገው ሆልቴክ የተባለው የታይዋን ኩባንያ የሠራውን፥ ኤች ቲ 12 ኢ የሚባለውን ቺፕ ነው። ይህ ቺፕ በብዙ የትምህርትና የመለማመጃ ሥራ የታወቀ ስለ ኾነ ለማስተማር ይመቻል። ጥቁር ጀርባ ያለው ሲኾን በግራና በቀኝ ዘጠኝ ዘጠኝ፥ በጠቅላላው 18 የብረት እግሮች አሉት። ሥራቸውም እንዲህ ተከፍሏል፤

ስምንቱ እግሮች የስም እግሮች ናቸው። ክፍት የተተወ እግር 1 ተብሎ ይነበባል፤ ከባትሪው አሉታዊ ወገን ጋር የተያያዘ እግር 0 ተብሎ ይነበባል።

አራቱ እግሮች የትእዛዝ እግሮች ናቸው፤ ከሚጫኑት ቍልፎች ጋር ይያያዛሉ። አራት ስለ ኾኑ 16 ዐይነት ቃል መላክ ይችላሉ።

አንዱ እግር «ጀምር» የሚባልበት ነው፤ ኹለቱ የውስጡ ሰዓት የሚስተካከልባቸው ናቸው፤ አንዱ የተጻፈው ምልክት የሚወጣበት ነው፤ የቀሩት ኹለቱ ኀይል ከባትሪ የሚቀበሉባቸው ናቸው። ቺፑ ከ2.4 እስከ 12 ቮልት ባለው ኀይል ይሠራል፤ ስለዚህ ኹለት ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋዮች በቂ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። በቺፑ ዘንድ ዐሥራ ኹለቱ ምልክቶች፥ ማለት ስምንቱ ስምና አራቱ ቃል፥ በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ቆመው ይገኛሉ። ሞገዱ ግን እንደ ጠባብ በር ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ምልክት ብቻ ያሳልፋል። ስለዚህ የኢንኮደር ዋና ሥራው፥ ጎን ለጎን የቆሙትን በሰልፍ አድርጎ፥ አንዱን ካንዱ አስከትሎ ማሳለፍ ነው።

ለሰልፉም ሰዓት ያስፈልጋል። በዚህ ቺፕ ውስጥ ያለው ሰዓት ብዙ ጊዜ በሴኮንድ 3,000 ጊዜ እንዲመታ ይደረጋል። እያንዳንዱ ምልክት ሦስት ምት ይወስዳል፤ ይህም ከሴኮንድ ሺሕ እጅ አንዱ ነው። በእነዚህ በሦስቱ ምቶች ውስጥ ኀይሉ አንድ ምት ብቻ ቢታይ ጠባብ ምልክት፥ ኹለት ምት ቢታይ ሰፊ ምልክት ይባላል፤ 0 እና 1 የሚለዩት በዚህ በጠባብነትና በስፋት ነው።

መልእክቱ ሲላክ አስቀድሞ የዐሥራ ኹለት ምልክት ያኽል ጸጥታ ይደረጋል፤ ቀጥሎ አጭር የመክፈቻ ምልክት ይመጣል፤ ከዚያም ስምንቱ የስም ምልክቶች፥ በመጨረሻም አራቱ የቃል ምልክቶች ይከተላሉ። ጸጥታው የሚደረገው፥ ሰው በጉባኤ መካከል ከመናገሩ በፊት ዝም ብሎ ሰዉን እንደሚያሳርፍ፥ የሚሰማው ወገን መጀመሪያውን እንዲለይ ነው። ይህ ኹሉ ከሴኮንድ ሺሕ እጅ 24 ያኽሉን ይወስዳል። ቺፑም ቍልፉ አንድ ጊዜ ቢነካ መልእክቱን አራት ጊዜ ደጋግሞ ይልካል፤ አራቱም በአንድ ላይ ከሴኮንድ ዐሥረኛ እጅ አይበልጡም። ሰው ዐይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ ድረስ ሥራው ተፈጽሟል።

፭. የሚሰማው ወገን

በመቀበያው በኩል ያለው ቺፕ ዲኮደር፥ ማለት ምልክት አንባቢ ይባላል፤ ለኤች ቲ 12 ኢ ጓደኛው ኤች ቲ 12 ዲ ነው። በየቤቱ ዲኮደር እየተባለ ከሚጠራው የቴሌቪዥን ሣጥን ጋር እንዳይምታታባችሁ። ይህኛውም ስምንት የስም እግሮች አሉት፤ እነርሱም በኢንኮደሩ እንደ ተደረገው ልክ መደረግ አለባቸው። አንዱ እግር እንኳ ቢለይ አይታዘዝም።

የዲኮደሩ ሰዓት ከኢንኮደሩ 50 እጥፍ ይፈጥናል፤ ይህም በሴኮንድ 150,000 ያኽል ነው። እንዲህ መፍጠኑ እያንዳንዱን ምልክት ብዙ ጊዜ እየተመለከተ ጠባቡን ከሰፊው እንዲለይ ነው። የኹለቱ ሰዓት መጠን ካልተስማማ ግን፥ አንዱ ዜማውን አፍጥኖ ሌላው አዘግይቶ እንደሚዘምር መምህርና ተማሪ አይግባቡም።

አሁን ከኹሉ የሚደንቀውን እንናገር። ዲኮደሩ ስሙን አንድ ጊዜ ሰምቶ አይታዘዝም። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያመሳክራል፤ ሦስቱም ጊዜ ስሙ የገዛ ራሱ ስም ኾኖ ከተገኘ ብቻ ቃሉን ተቀብሎ ይፈጽማል፤ «ትክክለኛ መልእክት ደርሷል» የሚል ምልክትም በአንድ እግሩ ያወጣል። ምክንያቱም ሞገድ የሚኼድበት አየር በጩኸት የተሞላ ነው። በክረምት መብረቅ ሲበርቅ፥ ሞተር ሲነሣ፥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲነካካ ኹሉ ሐሰተኛ ምልክት ይፈጠራል። ሐሰተኛው ምልክት በአጋጣሚ አንድ ጊዜ ከስሙ ጋር ሊመሳሰል ይችላል፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ግን በጭንቅ ነው። የአገር ሽማግሎችም የምስክርን ቃል ደጋግመው የሚጠይቁት ስለዚሁ ነው፤ እውነት ቢደጋገም አንድ ኾኖ ይገኛል፤ ሐሰት ግን ይለዋወጣል።

፮. የደወሉ ምሥጢር ሲገለጥ

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ቀድሞ የትምህርት ቤቱ ተማሪ የነበረ፥ በጎንደር ከተማ ስልክና ሬዲዮ የሚጠግን አንድ ልጅ ለጥምቀት በዓል ወደ ወላጆቹ መጣ። የዘበኛውን ነገር ሰምቶ አዘነና፥ መጥሪያውን ፈትቶ ይመለከት ዘንድ ፈቃድ ለመነ። ከዚህ በኋላ ወደ ወፍጮ ቤቱ ኼዶ የዚያንም አስፈታ። ኹለቱን ጎን ለጎን አድርጎ በርእሰ መምህሩና በሽማግሎች ፊት አሳየን።

በኹለቱም መጥሪያዎች ውስጥ የኢንኮደሩ የስም እግሮች ስምንቱም ክፍት ነበሩ። ስለዚህ የኹለቱም ደወሎች ስም 11111111 ነበረ። ዕቃዎቹ ከፋብሪካ ስም ሳይለወጥላቸው ወጥተው ነበርና፥ በአንድ ቀን የተወለዱ ልጆች ኹሉ አንድ ስም እንደሚሰጣቸው ያለ ነበር። የባለወፍጮው መጥሪያ ሲነካ የእኛ ደወል «እኔን ጠሩኝ» ይላል፤ የእኛ ሲነካ የባለወፍጮው እንዲሁ። ሦስት ጊዜ ማመሳከሩም አልረዳም፤ የተጠራው ስም ሦስቱንም ጊዜ በእውነት የራሱ ነበርና።

ልጁ በእኛ መጥሪያ ሦስተኛውን የስም እግር በጋለ ብረትና በሊድ ከአሉታዊው መስመር ጋር አያያዘው፤ በደወሉም ውስጥ ያለውን ሦስተኛ እግር እንዲሁ አደረገው። የእኛ ደወል ስም 11011111 ኾነ። ከዚህ በኋላ ባለወፍጮው ቢደውል ደወላችን ዝም አለ፤ እኛም ብንደውል የወፍጮ ቤቱ ዝም አለ። ሥራው ከግማሽ ሰዓት አልበለጠም፤ የፈጀውም ሊድ ከጤፍ ፍሬ ብዙ አይበልጥም።

፯. በብርሃን የሚላክ ትእዛዝ

የቴሌቪዥን ሪሞት በብዙው የሚሠራው በሬዲዮ ሞገድ ሳይኾን፥ ዐይናችን በማያየው ብርሃን ነው። ይህ ብርሃን ግድግዳ አያልፍም፤ ስለዚህ የጎረቤትን ቴሌቪዥን አያውክም። ኾኖም በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ዕቃ ሊኖር ስለሚችል እርሱም ስም ያስፈልገዋል።

ኤን ኢ ሲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያወጣው ሥርዓት በብዙ አገር ይሠራበታል። በዚህ ሥርዓት ብርሃኑ በሴኮንድ 38,000 ጊዜ ብልጭ ድርግም እያለ፥ ከፀሓይና ከመብራት ብርሃን ተለይቶ ይታወቃል። መልእክቱም ስምንት የስም ምልክት፥ ስምንት የስሙ ግልባጭ፥ ስምንት የቃል ምልክት፥ ስምንት የቃሉ ግልባጭ ኾኖ 32 ምልክት ነው። ግልባጭ ማለት በ1 ፈንታ 0፥ በ0 ፈንታ 1 ማድረግ ነው። ተቀባዩ ዋናውንና ግልባጩን አስተያይቶ ካልተቃረኑ ስሕተት እንዳለ ያውቃል። ያኛው ሥርዓት በመደጋገም ያረጋግጣል፤ ይህኛው በተቃራኒ ያረጋግጣል።

መምህራን ይህን ብርሃን ለልጆች ማሳየት ይችላሉ። የሪሞቱን ግንባር በስልክ ካሜራ ፊት አድርጋችሁ ቍልፉን ብትጫኑ፥ በብዙ ስልኮች ላይ ሲበራና ሲጠፋ ይታያል።

፰. ስም ቍልፍ አይደለም

ሽማግሎች ይህን ክፍል በብርቱ እንድታስተውሉት እንለምናለን። ከዚህ በላይ የተናገርንለት ቺፕ ስም ይለያል እንጂ አይጠብቅም። 256 ስም ብዙ ቢመስልም፥ አንድ ሰው በመሣሪያ ተራ በተራ ቢልካቸው ኹሉንም በ25 ሴኮንድ ያኽል ይጨርሳቸዋል። ከዚህም በቀር ስሙ በአየር ላይ በግልጥ ስለሚኼድ፥ ሌባ በአቅራቢያ ኾኖ በመቀበያ ቢይዘው፥ ባለቤቱ ከኼደ በኋላ ያንኑ መልሶ ሊልከው ይችላል። የደወል ነገር ቢኾን ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ የእኽል ጎተራ ወይም የገንዘብ ቤት በር ቢኾን ግን ጉዳቱ ብዙ ነው።

ለዚህ መድኀኒት የተገኘው በገዛ ክፍለ ዓለማችን በአፍሪካ ነው። ናኖቴክ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ኩባንያ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት ኪሎክ የሚባል ሥርዓት አወጣ፤ በ1995 ዓ.ም. ማይክሮቺፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገዛው። በዚህ ሥርዓት ሪሞቱና መቀበያው ኹለቱ ብቻ የሚያውቁት ምሥጢር ቍጥር አላቸው፤ ደግሞም ቍልፉ በተነካ ቍጥር አንድ እየጨመረ እስከ 65,536 ድረስ የሚቈጥር መቍጠሪያ አላቸው። ሪሞቱ መቍጠሪያውን በምሥጢሩ ቍጥር ቀላቅሎ ይልካል፤ ስለዚህ የዛሬው መልእክት ትናንት ከተላከው ጋር አይመሳሰልም። ሌባው የትናንቱን ይዞ ቢመጣ መቀበያው «ይህ ያለፈ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ልጅ ሪሞቱን ከሩቅ እየነካካ ቢጫወትበትና መቍጠሪያው ቢቀድም፥ መቀበያው እስከ 16 ቍጥር ወደ ፊት ያለውን በቀጥታ ስለሚቀበል ባለቤቱ ደጅ አያድርም።

ኾኖም የሰው ሥራ ፍጹም አይደለምና፥ በ2008 ዓ.ም. በአውሮጳ አቈጣጠር በጀርመን አገር በቦኹም ዩኒቨርሲቲ ያሉ መርማሪዎች የዚህንም ሥርዓት ምሥጢር የሚያወጡበትን መንገድ አሳዩ። ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፤ ርካሽ ሪሞት ለደወልና ለመብራት ይኹን፤ የሕዝብ ንብረት ያለበት በር ግን ከሪሞቱ ሌላ የብረት ቍልፍና ታማኝ ጠባቂ ይኑረው።

፱. በክፍል ውስጥ የሚደረግ ልምምድ

ይህን ትምህርት ያለ ቺፕና ያለ ኤሌክትሪክ ማስተማር ይቻላል። ስምንት ልጆች በመስመር ይቀመጡ፤ የተነሣ ልጅ 1፥ የተቀመጠ ልጅ 0 ይኹን። አንድ ልጅ ኢንኮደር ኾኖ መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ እያየ፥ ለ1 ረዥም ፉጨት፥ ለ0 አጭር ፉጨት ያፏጭ። በግቢው ማዶ ሦስት ልጆች በየወረቀታቸው የተለያየ ስም ጽፈው፥ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቁሙ፤ ስሙን ሦስት ጊዜ በትክክል የሰማ ብቻ እጁን ያንሣ።

ቀጥሎ ሌሎች ልጆች ከበሮ እየመቱ ይረብሹ፤ መደጋገም ለምን እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ ይገባቸዋል። ከዚያም ለኹለት ልጆች ሳያውቁ አንድ ስም ስጧቸው፤ ኹለቱም እጃቸውን ሲያነሡ የደወሉን ታሪክ ንገሯቸው። በመጨረሻም አንድ ልጅ ተደብቆ ፉጨቱን በወረቀት ይያዝና በኋላ እርሱ ያፏጭ፤ ስም ቍልፍ እንዳልኾነ ልጆቹ ራሳቸው ይፈርዳሉ።

ከዚህ በኋላ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቋቸው።

1ኛ. አርባ ቤቶች ባሉበት መንደር ለእያንዳንዱ ቤት የተለየ የደወል ስም ለመስጠት ስንት የስም እግር ያስፈልጋል? (አምስት እግር 32 ብቻ ስለሚሰጥ ስድስት ያስፈልጋል።)

2ኛ. ስምንቱም የስምና አራቱም የቃል እግሮች በአንድ ላይ ቢቈጠሩ ስንት ዐይነት መልእክት ይወጣል? (4,096።)

3ኛ. ዲኮደር ስሙን አንድ ጊዜ ሰምቶ ቢታዘዝ በክረምት ምን ይደርስ ነበር?

4ኛ. ስሙን በመጥሪያው ብቻ ለውጠን በደወሉ ባንለውጠው ምን ይኾናል?

ማጠቃለያ

ሽማግሎች ሆይ፤ በየመንደሩ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች እየበዙ ስለ ኾነ ክርክሩም መምጣቱ አይቀርም። መሣሪያ ያለ ጊዜው ሠርቶ ሰው በተከሰሰ ጊዜ፥ ከመፍረዳችሁ በፊት እነዚህን ሦስት ነገሮች ጠይቁ። በአቅራቢያው ያንኑ ዐይነት ዕቃ የገዛ ሌላ ሰው አለ ወይ? የስሙ እግሮች ከፋብሪካ እንደ ወጡ ናቸው ወይስ ተለውጠዋል? ተከሳሹ ከመጥሪያው ርቆ ሰው ሁሉ እያየው ሳለ መሣሪያው ሠርቶ ያውቃል ወይ? ይህን ሦስተኛውን ጥያቄ እኛ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀን ቢኾን፥ ዘበኛው ባልተቀጡ ነበር።

ደወሉ ከተስተካከለ በኋላ ርእሰ መምህሩ በሽማግሎች ፊት ይቅርታ ጠየቋቸው፤ የተቀነሰው ደመወዝም ተመለሰላቸው። ባለወፍጮውም ረዳቱን ልጅ አስታረቀ። እኔ የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ የሚሽር ሌላ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ሽማግሌውም ተቀብለው አንብቡልኝ አሉኝና ካነበብሁላቸው በኋላ፥ «ልጄ፥ ደወሉ እንኳ ሦስት ጊዜ ሳያጣራ አይጮኽም፤ እናንተ ግን አንድ ጊዜ ሰምታችሁ ጻፋችሁ» አሉኝ። የምመልሰው ቃል አልነበረኝም።